ቺፕ ያለው ክዳን ወይስ ሲም ያለው ሣጥን? የኤች አይ ቪ ኪኒን መከታተያ ስትመርጡ

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ሁለቱም ዕቃዎች የሚያውቁት መከፈታቸውን ነው። ኪኒኑ መዋጡን አያዩም። ከፍቶ ኪኒኑን የደፋውን ሰው "ወሰደ" ይሉታል። መንገድ ሊሄድ የሦስት ቀኑን ባንዴ አውጥቶ ኪሱ የከተተውን ደግሞ "ሁለት ቀን ዘለለ" ብለው ያሳብቁበታል፣ እሱ ግን አንድም ቀን አላዛነፈም።

ቺፕ ያለው ክዳን፣ ሜምስ የሚባለው፣ በጥናቶች ላይ ለረጅም ዓመታት ያገለገለ ነው። ልኩ ከብልቃጣችሁ ጋር ከገጠመ የብልቃጡን ክዳን ፈታችሁ እሱን ትገጥማላችሁ፣ በቃ። በተከፈተ ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ይይዛል። ኔትወርክ አይፈልግም። ልኩ ከገጠመ ኪኒኑም ከብልቃጡ አይወጣም፣ ይሄ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም፤ እዚያ ውስጥ የምታገኟት ትንሽ ከረጢት እርጥበት የምትመጥ ናት፣ አንዳንዶቹ ኪኒኖች ከሷ ባይለዩ ይመረጣል። ድክመቱ? የተለመደው ዓይነት የያዘውን የሚናገረው ክሊኒክ ሄዶ ሲነበብ ነው። ሰውየው ሦስት ሳምንት ዘሎ ከሆነ የምትሰሙት ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ሲም ያለው ሣጥን (ዋይዝፒል አንዱ ነው) ሲከፈት እዚያው በሞባይል ኔትወርክ ምልክት ይልካል። ሰዓቱ ካለፈ ለባለቤቱ ሜሴጅ እንዲገባ ማድረግም ይቻላል። ግን ቻርጅ ይፈልጋል። ባትሪው ካለቀ ወይም ኔትወርክ ከጠፋ መድኃኒት ያቋረጠ የመሰለ ሰው ዝርዝር ላይ ታያላችሁ። ኪኒኑን ከብልቃጥ አውጥታችሁ ስለምትሞሉትም ፋርማሲስቱን ሳትጠይቁ አታድርጉት።

የሚዋጥ ቺፕ አለ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። አሜሪካ በ2017 የፈቀደችው ለአእምሮ ሕመም መድኃኒት ነበር፣ ቺፑን የሠራው ድርጅትም በ2020 ከሰረ። እለፉት።

እኔን ብትጠይቁኝ ግን ዋናው ጥያቄ ዕቃው አይደለም፣ ምልክቱን አይቶ የሚደውለው ማነው ነው። ኬንያ ውስጥ ተሠርቶ በ2010 የታተመ ጥናት ላይ ሣጥንም ቺፕም አልነበረም። በሳምንት አንዴ "ማምቦ?" የሚል፣ እንዴት ነህ እንደማለት ያለ ሜሴጅ ይላካል። ታካሚው በ48 ሰዓት ውስጥ "ሳዋ" (ደህና) ወይም "ሺዳ" (ችግር አለ) ብሎ ይመልሳል። ሺዳ ላለውና ዝም ላለው ይደወልለታል። መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስዱት በዙ፣ ቫይረሱ የተገታላቸውም እንደዚያው። ኤች አይ ቪ የሚል ቃል ሜሴጁ ላይ አለመኖሩን ልብ በሉ። ስልክ የሚጋራ ሰው ይህች ነገር ትገባዋለች።

ስለዚህ ቫይራል ሎዱ (ደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን) ዝቅ ብሎ የቆየ ሰው ምንም መግዛት የለበትም፣ የስልክ አላርም ይበቃዋል። በቅርቡ አቋርጦ ለተመለሰና የሚደውልለት አማካሪ ላለው ሣጥኑ ይሻላል። ደዋይ ከሌለ ክዳኑን ያዙ። ሣጥኑን ከመረጣችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት መረጃውን ማን እንደሚያየው ጠይቁ፣ ከዚያ ኪኒኑ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከፍታችሁ ምልክቱ መድረሱን ሞክሩ።