ለቤት ካሜራ የገዛሁት ሃርድ ዲስክ፦ ከ14 ወር በኋላ

አምና የጎረቤታችን መኪና ሁለቱም ስፖኪዮ በአንድ ሌሊት ተነቀለ። ጠዋት ጋሼ በራችንን አንኳኩተው «እስቲ የማታውን ክፈትልኝ» አሉኝ። እኔም ኮራ ብዬ የካሜራዎቹን ምስል የሚቀዳውን ሪከርደር ከፈትኩ። አራቱም ካሜራ ቀጥታ ያሳያል። የማታውን ስፈልግ ግን ባዶ። የትናንቱም ባዶ። ወደኋላ ብሄድ ብሄድ፣ የመጨረሻው ቅጂ ሦስት ሳምንት ያለፈው ነው። ለካ ዲስኩ ከሞተ ቆይቷል፣ እኛ ቀጥታውን ምስል እያየን ተዘናግተናል። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ሻያቸውን ጠጥተው ወጡ። እኔ ነኝ ያፈርኩት።

ጥፋቱም የኔው ነው። ካሜራው ሲገጠም ብር ለመቆጠብ ብዬ ከአሮጌ ኮምፒውተር የወጣ 1 ቴራባይት ዲስክ ሰጠሁ። ገጣሚው «ይሠራል» አለኝ። ሠራም፣ ሰባት ወር።

ከዚያ ነው ቁጭ ብዬ ያሰላሁት። ካሜራዎቼ እያንዳንዳቸው 4096 ኪሎቢት በሰከንድ ላይ ተስተካክለዋል። ይሄ ለአንድ ካሜራ በቀን 44 ጊጋባይት ገደማ ነው፤ ለአራቱ ወደ 177። 1 ቴራባይት (1000 ጊጋባይት) ስድስት ቀን እንኳን አይሞላም ማለት ነው። በዓመት ደግሞ 64 ቴራባይት ግድም ይጻፍበታል። ለኮምፒውተር ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ በዓመት ለ55 ቴራባይትና ለ2400 ሰዓት ሥራ የታሰቡ ናቸው፣ ዓመት ግን 8760 ሰዓት አለው። የካሜራ ሪከርደር አያርፍም።

ለካሜራ ከሚሠሩት የሲጌት ስካይሆክ፣ የቶሺባ ኤስ300 እና የዌስተርን ዲጂታል ፐርፕል አሉ። እኔ ፐርፕሉን፣ ባለ 4 ቴራባይቱን ወሰድኩ። በዓመት 180 ቴራባይት ይችላል፣ ቀን ከሌት እንዲሠራ የታሰበ ነው። ከተራው ወደድ ይላል፣ አልዋሽም።

ግዢው ራሱ ፈተና ነበር። የመጀመሪያው ሱቅ የሰጠኝ ዲስክ በፕላስቲክ የታሸገ ነው፣ ወይን ጠጅ ሌብሉም ያበራል። የብሎን ቀዳዳዎቹ ግን ተፋቅተዋል። ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ የሠራበትን ሰዓት ሳነብ 19,000 ይላል! ከሁለት ዓመት በላይ ሲሽከረከር የኖረ ዲስክ «አዲስ» ተብሎ። መለስኩት፣ ብዙ ተጨቃጭቀን። ሁለተኛው ዜሮ ሰዓት ነበር፣ ሴሪያል ቁጥሩንም በአምራቹ ድረ ገጽ አስገብቼ ዋስትናው ገና እንዳለ አየሁ። እናንተም ሰዓቱን ሳታዩ ብር አትክፈሉ።

ወደ አጠቃቀሙ ስመጣ፣ ድምፁ ከፍሪጃችን ያነሰ ነው። 22 ቀን ያህል ይይዛል፣ ልክ እንዳሰላሁት። የተቸገርኩት በሙቀት ነው። ሪከርደሩ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ መሀል ነበር የተቀመጠው፣ ዲስኩ 52 ዲግሪ ደረሰ። አውጥቼ መደርደሪያ ላይ ሳደርገው ወደ 41 ወረደ። በቃ፣ ይሄን ያህል ቀላል ነገር ነው።

መብራት ግን ከሁሉም ይከፋል። ክረምት ላይ በአንድ ማታ አምስቴ ሄዶ መጣ፣ ጠዋት ሪከርደሩ ዲስኩን አላውቅም አለ። አጥፍቼ ሳበራው ተመለሰ፣ የዚያች ሌሊት ቅጂ ግን የለም። በነጋታው አነስ ያለ ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ፣ ገዛሁ። ወደ 40 ደቂቃ ይይዛል፣ ዋናው ጥቅሙ ግን ያንን ሄድ መጣ ማሳለፉ ነው። ዲስኩ ላይ ብር አፍስሶ ዩፒኤስ መተው፣ አሁን ሳስበው፣ እንዴት እንዳደረግኩት አይገባኝም።

ከቪዲዮ ማመቂያ ዘዴዎቹ ኤች 265 የሚለውን ብመርጥ ቦታው በግማሽ ገደማ ይቆጥባል፣ ሁለቱ ካሜራዎቼ ግን አሮጌ ስለሆኑ አይችሉትም። በእንቅስቃሴ ብቻ መቅዳቱንም ሞክሬ ተውኩት። የአጥሩ ድመት ሁሉ ይቀዳል፣ በሩ ጋ የቆመ ሰው ግን መጀመሪያው ተቆርጦ ይመጣል።

ባለፈው ሳምንት ጋሼ መልሰው መጡ። ከ12 ቀን በፊት በራቸው ላይ ቆሻሻ የጣለውን ሰው ሊያዩ ነው። ከፈትኩላቸው፣ ጥርት ብሎ ይታያል። የራሳቸው ዘበኛ ነው።