በአንድ ራስ የተቀደመችው ንግሥት፦ የዜንያታ የመጨረሻ ሩጫ ቪዲዮ ሲመዘን

ባዝራ ሲባል ውርንጭላ አስከትላ መስክ ላይ የምትግጥ ፈረስ ብቻ ትዝ የምትላችሁ ከሆነ፣ ይህን ቪዲዮ ሳታዩ አትለፉ። ዜንያታ የአሜሪካ ባዝራ ናት። ሃያ ጊዜ ተወዳድራ ዐሥራ ዘጠኙን አሸንፋለች፤ በሃያኛው በአንድ ራስ፣ ማለትም በፈረስ ጭንቅላት ርዝመት ብቻ ተቀደመች። እዚህ የምንመዝነው የዚያን የሃያኛውን ሩጫ ቅጂ ነው። የውድድሩ አዘጋጅ ብሪደርስ ካፕ በዩቲዩብ ገጹ ላይ አውጥቶታል፤ ክፍያ የለውም፣ የሚበላው ዳታ ብቻ ነው። ከድሎቿ በፊት ይህን ሽንፈት እዩ እንላለን። በድሎቿ ውስጥ ማሸነፏን ታያላችሁ፤ ጉልበቷ እስከ የት እንደሚደርስ የሚታየው ግን እዚህ ነው።

ሩጫው የተካሄደው ጥቅምት 27 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው፤ በእኛ የመድኃኔዓለም ዓመታዊ በዓል ዕለት፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 6 ቀን 2010። ቦታው በኬንታኪ፣ ሉዊቪል ከተማ የሚገኘው ቸርችል ዳውንስ የተባለ የፈረስ ውድድር ሜዳ። ርቀቱ 2,012 ሜትር ገደማ፣ ተወዳዳሪዎቹ 12፣ ሜዳው የአፈር፣ ሰዓቱ መሽቶ መብራት የበራበት። አሸናፊው ብሌም የተባለ የአራት ዓመት ድንጉላ ሲሆን የገባው በ2 ደቂቃ ከ2.28 ሰከንድ ነው። ሦስተኛው ፍላይ ዳውን ከሁለቱ በሦስት የፈረስ ርዝመት ተኩል ወደ ኋላ ቀርቷል። ይህችን የመጨረሻዋን ቁጥር ያዙልን፣ በኋላ ታስፈልጋለች።

ስለ ፈረሷ ጥቂት። መልኳ ጠቆር ያለ ዳማ፣ ግንባሯ ቦራ ነው። እስከ ጫንቃዋ ያለው ቁመት 1 ሜትር ከ78 ሳንቲሜትር ይጠጋል። የእኛ የደጋ ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ስለሆነ፣ ከጎኗ ቢቆም ጫንቃው ከደረቷ ብዙ አያልፍም። አባቷ ስትሪት ክራይ ነው። በአንድ ዓመቷ ለጨረታ ስትቀርብ ቆዳዋ ላይ ጭርት ወጥቶባት ስለነበር በ60,000 ዶላር ተሸጠች፤ በሙያዋ ያስገባችው ሽልማት ከ7.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ቆዳ አይቶ ፈረስ የሚንቅ ገዢ ይህን ይስማ፤ ጭርት ታክሞ ይድናል፣ የተጣመመ እግር ግን በቀላሉ አይቃናም። የተወለደችው መጋቢት 23 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። አዎ፣ በጊዮርጊስ ዕለት! የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዓድዋ ፈረሰኞችንና ፈረሶችን በጥር 23 ሲዘክር ለኖረበት አገር፣ ይህን ቀን ዝም ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

አሠልጣኟ ጆን ሺረፍስ አላቻኮላትም። ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደረችው በ2000 ዓ.ም. ኅዳር ወር፣ ሦስት ዓመት ተኩል ካለፋት በኋላ ነው። ትልቅ አጥንት ያለው ፈረስ ዘግይቶ ይጠነክራል፤ በሁለት ዓመቱ ሽምጥ የተጋለበ ግዙፍ ውርንጭላ እግሩ ሊጎዳ ይችላል። እስከ ስድስት ዓመቷ ጤነኛ ሆና የሮጠችበት አንዱ ምስጢር ይኼ ትዕግሥት ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስታዩት ድምፁን አጥፉ። ተራኪው ትሬቨር ዴንማን በሙያው የተመሰከረለት ነው፤ ነገር ግን የሱ ድምፅ ዓይናችሁን ወደ መሪዎቹ ይጎትተዋል፣ እናንተ ደግሞ የምትፈልጓት ከኋላ ናት። ቁጥሯ 8 ነው፤ ጋላቢዋ ማይክ ስሚዝ የለበሰው ውኃ ሰማያዊና ሮዝ ነው። ጥራቱን ቢያንስ 480 ላይ አድርጉት፤ ከዚያ በታች ከሆነ ሩቅ ያለ ፈረስ ጭጋግ ውስጥ እንዳለ በግ ይመስላል። ሁለተኛውን ጊዜ በድምፅ እዩት። ሦስተኛውን፣ የመጨረሻውን ቀጥታ ብቻ፣ ፍጥነቱን ወደ ሩብ ዝቅ አድርጋችሁ እዩ።

ሩጫው ያመለጣት በሦስት ቦታ ነው ብለን እናምናለን።

አንደኛው ገና ከመነሻው ነው። ከኋላ መነሣት ልማዷ ነበር፤ ግዙፍ አካል ወደ ሙሉ ሽምጥ ለመግባት ጊዜ ይወስዳል፣ አንዴ ከገባ ግን እርምጃው ረጅም ነው። በዚያ ቀን የቀረችው ከልማዷም በላይ ነው። ተመልካቹ ፊት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያልፉ ከሁሉም ኋላ፣ ከመሪዎቹ ከዐሥር የፈረስ ርዝመት በላይ ርቃ ታገኟታላችሁ። ምክንያቱ በከፊል ሜዳው ነው። ከዐሥራ ዘጠኙ ድሎቿ ዐሥራ ሰባቱ የተገኙት በካሊፎርኒያ፣ አሸዋ ከሰምና ከጭረት ተደባልቆ በተሠራ ሰው ሠራሽ ሜዳ ላይ ነው። ያ ሜዳ ከኮቴ ሥር ብዙ አይበተንም። አፈር ግን ይበተናል። በጥር ደረቅ መስክ ላይ ከኋላ የጋለበ ሰው አቧራ እንዴት እንደሚጠጣ ያውቃል፤ እዚያ ደግሞ ከፊቷ 11 ፈረስ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ እፍኝ አፈር ወደ ዓይኗና ወደ አፍንጫዋ እየወረወረ ነው። እንዲህ ሲሆን ፈረስ አንገቱን ያነሣል፤ አንገት ሲነሣ ጀርባ ይገባል፣ የኋላ እግር መግፋቱን ይቀንሳል። ይህ ግን ሙሉ ማመካኛ አይሆንም። በአርካንሳስ፣ ኦክላውን ሁለት ጊዜ በአፈር ላይ ተወዳድራ ሁለቱንም አሸንፋለች።

ሁለተኛው የመጨረሻው መታጠፊያ ነው፤ ቪዲዮውን ደጋግሞ ማቆም የሚያስፈልገው እዚህ ነው። መጀመሪያ በውስጥ በኩል ፈረሶቹን እያለፈች ትመጣለች፤ ፊቷ ሲዘጋ ስሚዝ ወደ ውጭ ያወጣታል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ከውስጥ አጥር 1 ሜትር ርቆ ግማሽ ክብ የዞረ ፈረስ ከውስጥ ከሄደው 3.14 ሜትር ይበልጥ ይሮጣል፤ 3 ሜትር ከራቀ ወደ 9 ሜትር ተኩል። በውስጥ መሄድ እርቀት ያተርፋል፣ በር ከተዘጋ ግን ልጓም ያስይዛል። ሙሉ ሽምጥ ላይ ያለ ትልቅ ፈረስ አንድ ጊዜ ልጓም ከተያዘበት ያንኑ ፍጥነት መልሶ ለማግኘት ብዙ እርምጃ ይፈጃል። በሌላ በኩል የብሌም ጋላቢ ጋሬት ጎሜዝ ፈረሱን መሀል ላይ፣ ከአቧራው ወጣ ከመሪዎቹም ጠጋ አድርጎ ይዞት ስለነበር፣ ክፍተቱ ሲከፈት የቀረው ማሽከርከር ሳይሆን መልቀቅ ብቻ ነበር። ብሌም ሜዳውን ያውቀዋል፤ እዚያው ቸርችል ዳውንስ ላይ ከዚያ በፊት ትልልቅ ውድድሮችን አሸንፏል። ሲያሸንፍም ተገቢ ሆኖ ነው ያሸነፈው። እሷን እንወዳለን ብሎ እሱን ማናናቅ ፈረስ ከሚያውቅ ሰው አይጠበቅም።

ሦስተኛው ራሱ መስመሩ ነው። አማካይ ፍጥነታቸው በሰከንድ 16 ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። አንድ ራስ ከግማሽ ሜትር ያንሳል። ይህን ለፍጥነቱ ስታካፍሉት የጠፋው ጊዜ የሰከንድ ሦስት መቶኛ አካባቢ ነው፤ የዓይን ቅጽበት ከዚያ ይረዝማል። የአንድ እርምጃዋ ርዝመት 7 ሜትር ቢሆን፣ የተሸነፈችው በእርምጃዋ ዐሥራ አምስተኛ ክፍል ነው። በሩብ ፍጥነት ስታዩት ብሌም እየደከመ ሳይሆን እየታገለ እንደሚሄድ፣ እሷ ደግሞ በየእርምጃው እንደምትበላው ታያላችሁ። አንገቷ ሲዘረጋ ትደርሳለች፣ ሲሰበሰብ ትቀራለች፣ እንደገና ሲዘረጋ ትጠጋለች፤ ከዚያ መስመሩ ይደርሳል። በዚያ ሁሉ መሀል ሦስተኛው ፈረስ ሦስት ርዝመት ተኩል ወደ ኋላ ነው። አሁን ያቺን ቁጥር አውጧት፦ ከሁሉም ኋላ የነበረች ባዝራ ዐሥር ምርጥ ፈረሶችን ጥላ ሄዳለች። የተረፋት አንድ ብቻ ነው።

ክብደትን የሚጠይቅ ካለ፦ ብሌም የተሸከመው ጋላቢና ዕቃ 57 ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ሲሆን፣ እሷ 55 ኪሎ ከ800 ገደማ ነው። ለባዝራ በሕጉ የሚቀነስላት ነው። በዚህ ልዩነት ላይ ብዙ የሚባል የለም።

ቅጂው ጉድለት አለበት። ትልቁ ጉድለት ካሜራው ነው፤ መሪዎቹን ተከትሎ ስለሚሄድ በመጀመሪያው አጋማሽ ለረጅም ጊዜ ከዓይን ትሰወራለች። ስለዚህ መታጠፊያው ላይ ብቅ ስትል ከየት እንደመጣች የማይገባው ተመልካች ይኖራል። መፍትሔው ካሜራው ሰፋ ብሎ ሁሉንም በሚያሳይበት ቅጽበት ሁሉ አቁሞ ኋላ መመልከት ነው። ሁለተኛው ጉድለት፣ ሩጫውን ብቻ የያዘው አጭር ቅጂ የመግቢያ ሰልፉን ይቆርጣል። ዜንያታ ከሩጫ በፊት የፊት እግሯን ቀጥ አድርጋ እየዘረጋች፣ መሬቱን እየጫረች፣ አንገቷን እየቀለበሰች ነበር የምትሄደው፤ አድናቂዎቿ ጭፈራዋ ነው ይላሉ። ያንን ለማየት ረዘም ያለውን ቅጂ ፈልጉ፤ ስለ ፈረስ ጠባይ ከሩጫው እኩል ያስተምራል። የአማርኛ ትረካ የለውም፤ በማኅበር ቤት በፕሮጀክተር የምታሳዩ ከሆነ ድምፁን አጥፍታችሁ ፈረስ የሚያውቅ አንድ ሰው እየቆመ ቢተርክ ይሻላል። መብራትና ኔትወርክ ስለማይታመን የዩቲዩብ መተግበሪያው ከፈቀደላችሁ አስቀድማችሁ አውርዱት። ፕሮጀክተሩን ያለ ጥላ በነጭ አቡጀዲ ላይ ጣሉት፤ ነጠላ አታድርጉ፣ ጥለቱ ልክ መስመሩ ላይ ይገባና ራስ ከራስ አያስለይም።

ከሩጫው በኋላ የሆነውን ቪዲዮው በጥቂቱ ብቻ ያሳያል፤ ዋናው ነገር ግን እሱ ነው። ሕዝቡ የጮኸው ለተሸነፈችው ነው። ስሚዝ በጋዜጠኞች ፊት እያለቀሰ ጥፋቱን ወደ ራሱ ወሰደ እንጂ በፈረሷ ላይ አላላከከም። በጃንዋሪ 2011 የዓመቱ ምርጥ ፈረስ ሲመረጥ እሷ 128 ድምፅ፣ ያሸነፋት ብሌም 102 ድምፅ አገኙ። ወደ ኬንታኪ ለርቢ ስትመለስ በኅዳር መጨረሻ ብርድ ቆሞ የተቀበላት ሕዝብ ብዙ ነበር። ሳንታ አኒታ በተባለው ሜዳ ደግሞ የነሐስ ሐውልት ቆሞላታል። ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ጉግስ ላይ ዘንግ ያገኘው ፈረሰኛ ኮርቻው ላይ ከጸና፣ የሴቱ እልልታ ለመቺው ብቻ አይቀርም። አድናቂዎቿ ንግሥት ይሏታል፤ የተሸነፈችውም በራስ ነው። ቅኔ በለመደ አገር ይህ ሳይባል አይቀርም፦

ዐሥራ ዘጠኝ ጊዜ ሁሉን ድል ነሥታ፣
ንግሥት ተቀደመች በአንድ ራስ ተረትታ።

ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ጥቅምት 28 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ሳንታ አኒታ ላይ ያንኑ ውድድር ያሸነፈችበትን ክፈቱ። ርቀቱ አንድ ነው፣ ሜዳው ሰው ሠራሽ፣ ሰዓቱ 2 ደቂቃ ከ0.62። ያን ውድድር ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ባዝራ እሷ ናት፤ ጂዮ ፖንቲን የቀደመችው በአንድ የፈረስ ርዝመት ነው። እዚያም ከኋላ ትነሣለች፣ እዚያም ፊቷ ይዘጋል፣ እዚያም ወደ ውጭ ትወጣለች። ሁለቱን ቪዲዮዎች ከመጨረሻው መታጠፊያ ጀምራችሁ እያፈራረቃችሁ እዩ። በ2002ቱ የቀራት መንገድ በቅቷታል፤ በ2003ቱ አንድ ክንድ እንኳ ባልሞላ መሬት አጠራት።