ውሃ ያልጠጣ ቦርድ ፈልጉ፦ ስለ መጀመሪያው ዩዝድ ሎንግቦርዴ ከ7 ወር በኋላ

ሰላም ወገኖች! ሳንዲያጎም ሆነ ኤልኤ (ሎስ አንጀለስ) ያላችሁ፣ ሰርፊንግ (ቦርድ ላይ ቆሞ በማዕበል መንሸራተት) ልጀምር እያላችሁ ቦርድ የምታፈላልጉ ካላችሁ ይሄን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። እኔ ስጀምር በአማርኛ ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም፣ በዚህም 280 ዶላሬን ውሃ በልቶታል። ሪቪው የማደርገው ከዛ በኋላ የገዛሁትን፣ አሁን ሳሎን ከሶፋው ጀርባ ተጋድሞ ያለውን ዩዝድ (ያገለገለ) ሎንግቦርድ፣ ማለትም ረጅም የሰርፊንግ ቦርድ ነው (የአፓርትመንቴ ጣራ 8 ጫማ ስለሆነ አቁሜ ማስቀመጥ አልችልም)። ርዝመቱ 9 ጫማ ከ6 ኢንች፣ በሜትር 2.90 አካባቢ ማለት ነው፣ ወርዱ 23 ኢንች፣ ውፍረቱ 3 ከ1/8፣ ዋጋው ከነፊኑ (ጅራቱ ስር ከሚሰካው ክንፍ ጋር) 425 ዶላር። እኔ 78 ኪሎ ነኝ። 7 ወር ሙሉ በሳምንት ሁለት ሶስት ቀን ገብቼበታለሁ።

ነገሩ እንዴት እንደጀመረ ላስረዳ። ኡበር ነው የምነዳው፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ላ ሆያ ሾርስ የሚባለው የሳንዲያጎ ባህር ዳርቻ አካባቢ ሰው አድርሼ ስመለስ መኪናዬን አቁሜ ባህሩን አያለሁ፣ ገና ሳይነጋ ሽማግሌው ወጣቱ ቦርዱን ተሸክሞ ይገባል፣ ቀስ ብሎ በማዕበሉ ላይ ቆሞ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ባህር ዳር ነው ያደግኩት፣ ዋና የተማርኩት ጣና ላይ ነው፣ ከውሃ ከራቅኩ 9 ዓመት ሆኖኝ ነበር። አንድ ቀን በቃ አላስቻለኝም። ሁለት ጊዜ ቦርድ ተከራይቼ ሞከርኩ፣ ሁለተኛው ቀን ላይ ለሶስት ሰከንድ ቆምኩ፣ ከዛ ወዲያ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ።

አዲስ ሎንግቦርድ ከ1000 ዶላር በላይ ነው። ስለዚህ ዩዝድ ልግዛ ብዬ ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ገባሁ። የመጀመሪያው ስህተቴ እዚህ ነው። አንድ ልጅ 9 ጫማ ከ2 ኢንች የኢፖክሲ ቦርድ (ዓይነቱን ታች አስረዳለሁ) በ280 አውጥቷል፣ ፎቶው ላይ ነጭ ብሎ ያበራል፣ አዲስ ነው የሚመስለው፣ ሌሎች ሰዎችም እየጠየቁኝ ነው ሲለኝ ስራ ጨርሼ በማታ ሄድኩ፣ ጋራዡ ውስጥ በደካማ አምፖል አየሁት፣ ከፈልኩ፣ ጭኜ መጣሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው እውነት ነው። በሶስተኛው ቀን ቦርዱ ከባድ ሆነብኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳነሳው እንዲህ አልነበረም። ቤት ወስጄ መጀመሪያ ብቻዬን ከዛ ቦርዱን ይዤ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ልዩነቱ 9 ኪሎ ከምናምን! እንዲህ ያለ ቦርድ ደረቁን 6 ኪሎ አካባቢ ነው መሆን ያለበት። ማታ ጅራቱን ወደ ታች አድርጌ ሰያፍ አስደግፌው ተኛሁ፣ ጠዋት ስነሳ ምንጣፉ ርሷል፣ ከፊኑ ጎድጓዳ ጥግ ጠብ ጠብ ይላል። ነጩ ቀለም ስፕሬይ ነበር፣ ስንጥቁን ለመሸፈን የተቀባ። የሚጠግን ሰው ጋ ወሰድኩት፣ ውስጡ ያለው ፎም ረጥቧል፣ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈልጋል፣ የላይኛው ሽፋን ፋይበርግላሱም ከፎሙ ተላቅቋል፣ የጥገናው ዋጋ ከቦርዱ ዋጋ ይበልጣል አለኝ።

የጣናን የደንገል ታንኳ ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ታንኳ ሲውል ውሃ ይጠጣል፣ ይከብዳል፣ ባለቤቱ ከውሃ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፣ ደርቆ ነገ ይወጣል። ሰርፍቦርድ ግን እንደ ታንኳ አይደለም። ቆዳው ፋይበርግላስና ሬዚን (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ነው፣ ውስጡ ፎም፣ ውሃ በመርፌ ቀዳዳ ይገባል ግን እንደገባው ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ ዩዝድ ቦርድ ስትመርጡ ትልቁ ጥያቄ ያምራል ወይ ሳይሆን ደረቅ ነው ወይ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከዛ በኋላ ይመጣል።

ሁለተኛውን ከሱቅ ነው የገዛሁት፣ ያገለገሉ ቦርዶችን ተቀብሎ የሚሸጥ ትንሽ ሱቅ ነው፣ በቀን ብርሃን ሄድኩ። እዛ የሚሰሩት ትልቅ ሰውዬ የደረሰብኝን ስነግራቸው አልሳቁብኝም፣ ምንም ሳይሉ አንድ ቢጫ ቦርድ አውርደው ስፖንጅ በለበሰ መቆሚያ ላይ አጋደሙት፣ ዓይንህን ጨፍንና በሁለት አውራ ጣትህ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ እየተጫንክ ሂድ አሉኝ። ሄድኩ። ጠንካራ፣ ጠንካራ፣ ጠንካራ። ከዛ ሌላ ቦርድ አመጡ፣ ከላይ ሲያዩት ከመጀመሪያው የሚያምር፣ መሃሉ አካባቢ ስደርስ አውራ ጣቴ ስር ገባ አለ፣ እንጀራ ምጣድ ላይ ሆኖ ዓይን ሲያወጣ እንደሚያብጠው ማለት ነው፣ ቆዳው ከስጋው ተለይቷል። ዲላም ይሉታል። በጣት አጥንት ስታንኳኩት ድምፁም ይለያል፣ ጤነኛው ቦታ ጠንከር ያለ ድምፅ አለው፣ የተላቀቀው ቦታ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ይሆናል። ያቺ አስር ደቂቃ ከዩቲዩብ ካየሁት ሁሉ በላይ አስተማረችኝ።

የገዛሁት ቢጫውን ነው። ቢጫ የሆነው ተቀብቶ ሳይሆን ፀሐይ አቃጥሎት ነው፣ ነጭ የነበረ ፎም በጊዜ ብዛት ይበልዛል፣ ይሄ በሽታ አይደለም እና ሰው ስለሚሸሸው ዋጋው ይወርዳል። ላዩ ላይ የተረከዝና የጉልበት ጎድጓዳዎች አሉት፣ እነሱም ችግር የላቸውም፣ ቆዳው እስካልተሰነጠቀ ድረስ። መሃሉን ለመሃል የሚሄደው ቀጭን እንጨት ስትሪንገር ይባላል፣ በእሱ ላይ በእርሳስ የተፃፈ ቁጥር ታገኛላችሁ፣ የሰራው ሰው ርዝመት ወርድ ውፍረቱን የሚፅፍበት ነው፣ ሻጩ የነገራችሁን ከዛ ጋር አመሳክሩት። የኔ ሎጎው ተፍቆ ጠፍቷል ቁጥሩ ግን ይነበባል። ስትሪንገሩ ላይ ተሻጋሪ ስንጥቅ ካያችሁ ግን ቦርዱ አንዴ ተሰብሮ የተጠገነ ሊሆን ይችላል፣ ተዉት።

ሁለት ዓይነት ቦርድ እንዳለ እወቁ፣ ይሄ ለጥገናም ለዋጋም ይጠቅማል። አንደኛው ፖሊዩረቴን ፎም በፖሊስተር ሬዚን የተሸፈነ ነው፣ የድሮው አሰራር፣ ከበድ ይላል። ሁለተኛው ኢፒኤስ የሚባለው፣ ቴሌቪዥን ታሽጎ የሚመጣበት ዓይነት ነጭ ፎም በኢፖክሲ የተሸፈነ፣ ቀለል ይላል፣ ውሃ ካገኘ ግን በጣም ይጠጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አብዛኛውን ፎም ያቀርብ የነበረው ክላርክ ፎም የሚባለው ድርጅት በፈረንጆች ዲሴምበር 5 ቀን 2005 በድንገት ሲዘጋ ሰሪዎቹ ሌላ ፎም ፍለጋ ገቡ፣ ኢፖክሲውም ከዛ ወዲህ በደንብ ተስፋፋ፣ ለዚህ ነው ዩዝድ ገበያው ላይ ሁለቱም ተቀላቅለው የሚገኙት። ጥንቃቄ! የፖሊስተር ሬዚን ኢፒኤስ ፎም ላይ ካፈሰሳችሁ ፎሙን ያቀልጠዋል፣ ስለዚህ መጠገኛ ስትገዙ ቦርዳችሁ የትኛው እንደሆነ ጠይቁ። የኔ ፖሊዩረቴን ነው፣ ክብደቱ 8 ኪሎ አካባቢ።

አሁን ውሃ ላይ እንዴት ነው? መጀመሪያ የገባሁበት ሾርስ ነው፣ ከስር አሸዋ ነው፣ ማዕበሉ ለስላሳ ነው፣ ላይፍጋርዶች አሉ፣ ዋናተኛና ሰርፈር የሚለያዩበትን ባንዲራ ግን አይታችሁ ግቡ። በበጋ ደግሞ እግራችሁን እየጎተታችሁ ሂዱ፣ ስቲንግሬይ የሚባል ጠፍጣፋ ዓሣ አሸዋው ውስጥ ይተኛል፣ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ አለው፣ ስትጎትቱ ግን ሰምቶ ይሸሻል። ቦርዱ ላይ ስተኛ ምንም አይሰምጥም፣ ደረቴ ከውሃ በላይ ነው፣ በእጄ ስቀዝፍ ይንሸራተታል። ከመጀመሪያው ቦርድ ጋር ልዩነቱ ሰማይና ምድር ነው፣ ያ ማዕበሉን ሳልይዘው ስሬ ያልፍ ነበር፣ ይሄ ገና ማዕበሉ ሳይሰበር ሄደት ይላል። ረጅምና ወፍራም ስለሆነ ማለት ነው፣ ከ70 ሊትር በላይ ነው፣ ለጀማሪ ትዕግስት ያለው ቦርድ ያስፈልጋል። በ5ኛው ሳምንት ቱርማሊን ሄድኩ፣ ፓሲፊክ ቢች ያለው፣ በፈረንጆች ከ1965 ጀምሮ ለሰርፈር ብቻ የተተወ ቦታ ነው፣ ሎንግቦርድ የያዙ ትልልቅ ሰዎች የሚበዙበት። እዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ማዕበሉን ወደ ጎን ተከትዬ ሄድኩ፣ ፊት ለፊት ወደ ባህር ዳርቻው ሳይሆን ወደ ቀኝ፣ ውሃው በጎኔ እንደ መስታወት ቆሞ፣ እጄን ዘርግቼ ነካሁት። ያን ቀን ከውሃ ስወጣ አለቀስኩ፣ እውነቴን ነው።

ጉድለቱን ደግሞ ልንገራችሁ። ለመዞር ይዘገያል፣ ለዚህ የኋላ እግርን ወደ ጅራቱ መውሰድ መልመድ አለባችሁ። መጫን ችግር ነው፣ መኪናዬ ፕሪየስ ውስጥ አይገባም፣ ለስላሳ የጣራ መደገፊያና ሁለት ማሰሪያ ቀበቶ ገዛሁ፣ ላዩን ወደ ታች ፊኑን ወደ ፊት አድርጌ ነው የማስረው። የፊኑ ብሎን ዝጎ ስለነበር ሁለተኛው ሳምንት ላይ አልፈታ ብሎ ግማሽ ቀን አስቃጠለኝ፣ ስትገዙ ፊኑ ሲወጣና ሲገባ እዛው አይታችሁ አረጋግጡ፣ የፊኑን ጎድጓዳ ዙሪያ ደግሞ በጥፍር ፈትሹ፣ ውሃ በብዛት የሚገባው በዛ ነው። ፊኑ 9.5 ኢንች ነው፣ በግምት ለአንድ ጫማ አንድ ኢንች ይላሉ። ሊሹን (ቦርዱን ከእግር ጋር የሚያስረውን ገመድ) አዲስ ግዙ፣ የቦርዱን ርዝመት የሚያክል፣ ያረጀ ሊሽ ሲበጠስ 8 ኪሎ ቦርድ ሰው ላይ ይሄዳል፣ እዚህ ላይ ብር አትቆጥቡ።

ስለ ዋጋ፦ ሱቁ 475 ብሎ ነበር፣ ጠርዙ ላይ ያለችውን የድሮ ጥገና አሳይቼ በ425 ሰጡኝ፣ በጨዋነት ጠይቁ፣ ምንም አይሉም። ሊሽ፣ ዋክስ (እግር እንዳያንሸራትት ቦርዱ ላይ የሚቀባ ሰም) እና የጣራ ማሰሪያ ሲጨመር ወደ 550 ገባሁ፣ ይሄን አስቀድማችሁ አስሉት። ዌትሱት (ከብርድ የሚከላከል የውሃ ልብስ) ደግሞ የግድ ነው፣ እዚህ በክረምት ውሃው ወደ 14 ዲግሪ ይወርዳል፣ በበጋ 20 እና 21 ይደርሳል፣ ዋክሱም እንደ ውሃው ሙቀት ይለያያል ማሸጊያው ላይ ይፃፋል። በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ የምትገቡ ከሆነ ግን ይሄ ሁሉ አያስፈልጋችሁም፣ ተከራዩ፣ ወይ ኮስትኮ ይሸጠው የነበረውን ዌቭስቶርም የሚባል 8 ጫማ የፎም ቦርድ ያገለገለ ፈልጉ፣ ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ራሳችሁንም ሌላውንም ብዙ አይጎዳም፣ ብዙ ሰው በዛ ነው የጀመረው።

እኔ የምሰጠው 5 ከ5 ነው። ባለፈው ወር ድንጋይ ነክቶት ጠርዙ ላይ የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ አገኘሁ፣ ወዲያው ከውሃ ወጣሁ፣ ጥላ ውስጥ ሁለት ቀን አደረቅኩት፣ በአሸዋ ወረቀት አሽቼ በፀሐይ የሚደርቀውን ሬዚን ቀባሁበት፣ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀው፣ በሚዛን መዘንኩት ያው 8 ኪሎ። የተዘጋ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ብቻ እንዳትተዉት፣ ሙቀቱ አየሩን ነፍቶ ቆዳውን ያላቅቀዋል።

አሁን ታናሽ እህቴ ልትጀምር ነው። 55 ኪሎ ናት፣ ለሷ 9 ጫማ ይበቃታል፣ የኔን በክንዷ አቅፋ መያዝም አልቻለችም፣ ወርዱ በዝቶባት። ቅዳሜ ጠዋት በብርሃን ሱቁ አብረን እንሄዳለን፣ ዓይኗን አስጨፍኜ በአውራ ጣቷ እንድትጫን ነው የማደርጋት።