ሲኤስ50፦ ያለ ኮምፒውተር ሳይንስ ዲግሪ ለሚጀምር ይበቃል?

የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ሲኤስ50 በኢንተርኔት በነፃ ይሰጣል፤ ኤድኤክስ የተባለው የኦንላይን ትምህርት መድረክ ለሚሰጠው ሰርተፍኬት መክፈል ግዴታ አይደለም። ትልቁ ጥንካሬው ከፓይተን በፊት የሲ (C) ፕሮግራሚንግ ቋንቋን ማስተማሩ ነው። ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጎድለው የኮምፒውተር ሜሞሪ (ማህደረ ትውስታ) እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ነውና።

ተማሪ የሚከብደውም እዚሁ ነው፤ 4ኛው ሳምንት ላይ ፖይንተር (የሜሞሪ አድራሻ የሚይዝ ተለዋዋጭ) ሲመጣ። ፕሮግራሙ «ሴግመንቴሽን ፎልት» (ያልተፈቀደለትን ሜሞሪ የመንካት ስህተት) ብሎ ከቆመ ኮዱን በዘፈቀደ መነካካት አያዋጣም። እያንዳንዱን አድራሻ ወረቀት ላይ ሣሉ፣ ከዚያ የሜሞሪ ስህተት በሚፈልገው መሣሪያ በቫልግሪንድ ፈትሹ። መልስ እየገለበጠ የመጣ ሰው 5ኛው ሳምንት ላይ ሃሽ ቴብል (ዳታን በፍጥነት ለማግኘት የሚያስችል አደረጃጀት) ሲሠራ መግቢያው ይጠፋዋል።

ኮርሱ ጊትን (የኮድ ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ) ግን በበቂ ሁኔታ አያስተምርም፤ ለብቻ ተማሩት። የመጨረሻውን ፕሮጀክት ደግሞ ማንም ከፍቶ ሊሞክረው በሚችልበት ድረ ገጽ ላይ ጫኑት።