«መጀመሪያ ጣሪያው ምንድን ነው?» ብሎ ለጠየቀን ባለሙያ

ምስጋና ያለብኝ ሰው አለ። ሥራው የቤት ጣሪያ ማጽዳት ነው። ባለፉት ሳምንታት የእኔን፣ የእማዬንና የታላቅ ወንድሜን ቤት ጣሪያ አጽድቶልናል። የእኔ ቆርቆሮ ነው፣ የእማዬ ሸክላ፣ የወንድሜ ደግሞ የአስፋልት ሺንግል (በአስፋልት የተሠራ፣ ተደራርቦ የሚመታ ስስ ክዳን)። አራተኛ ጣሪያም ነበር። እሱን ግን «አልነካም» አለን። ከሁሉም በላይ የማመሰግነው በዚያኛው ነው፤ እደርስበታለሁ።

ስደውልለት ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀኝ «መጀመሪያ ጣሪያው ምንድን ነው?» ብሎ ነው። ቀጠለ። ስንት ዓመት ሆነው? የሚያፈስ ቦታ አለው? የዝናብ ውሃ ታጠራቅማላችሁ? የመብራት ሽቦ በቅርብ ያልፋል? በጣም ገረመኝ። ከዚህ በፊት ያሠራሁት ሰው አንድም ነገር አልጠየቀኝም ነበር። ማሽኑን አመጣ፣ ውሃውን በከፍተኛ ግፊት ለቀቀው፣ ቶሎ ጨርሶ ሄደ። ጣሪያው አብረቀረቀ፣ እኔም ደስ አለኝ። በሚቀጥለው ዝናብ መኝታ ቤቱ ኮርኒስ ላይ ውሃ መጣ።

ምክንያቱን የነገረኝ የአሁኑ ባለሙያ ነው። ቆርቆሮ ሲመታ የላይኛው በታችኛው ላይ ተደርቦ ነው። ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ውሃ አያስገባም። ከታች ወደ ላይ በግፊት ከተረጨ ግን በድርቡ ሥር ሰተት ብሎ ይገባል። ግፊቱ የአንዳንዶቹን ምስማሮች ጎማም አንቀሳቅሶት ነበር። አንድ በአንድ እየዞረ አሳየኝ። «እህቴ፣ ጣሪያ ሲታጠብ ውሃው እንደ ዝናብ ነው መውረድ ያለበት» አለኝ።

የእኔን ቤት የጀመረው ከአሸንዳው ነው። እዚያ የተከማቸው እርጥብ ቅጠል ቆርቆሮውን እንደሚያዝገው አላውቅም ነበር። ከዚያ ለስላሳ ብሩሽና ቀለል ያለ የሳሙና ውሃ ብቻ ተጠቀመ። የሽቦ ብሩሽ አልነካም፤ ቆርቆሮውን ከዝገት የሚከላከለውን የዚንክ ሽፋን ይፍቀዋል። በረኪናም አላስጠጋም፤ ብረት ይበላል። ሲራመድ ደግሞ የምስማር መስመሩን ይከተላል፣ ከሥሩ ሞራሌው ስላለ። ለብርሃን ተብሎ የገባውን ፕላስቲክ ክዳን ከመውጣቱ በፊት ዙሪያውን በጠመኔ አሰመረበት። ፀሐይ የበላው ፕላስቲክ ላይ ላዩን ደህና ይመስላል እንጂ የሰው ክብደት አይችልም።

የእማዬ ቤት ሌላ ጉዳይ ነው። የሸክላ ክዳኑ ላይ አረንጓዴው ነገር እንደ ምንጣፍ በቅሎ ነበር። እማዬ ብዙ ጊዜ «ያምራል፣ ተዉት» ትለን ነበር። እሱ ግን በአክብሮት አስረዳት። «እማማ፣ ይሄ ውሃ ይዞ ይቆያል። ሸክላውን ሁልጊዜ እርጥብ ያደርግብዎታል፣ አድጎም ክዳኑን ከቦታው ያነሳብዎታል።» ከዚያ በፕላስቲክ መፋቂያ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ አነሳው። ሸክላ መሃሉን ከረገጡት ይሰነጠቃል። ስለዚህ የሚረግጠው ሸክላው በሌላው ላይ በሚደረብበት በታችኛው ጫፍ በኩል ነው፣ ያውም ክብደቱን የሚያከፋፍል ጣውላ አንጥፎ።

ሥራውን ሳይጀምር ፎቶ አነሳ። ሁለት የተሰነጠቁ ሸክላዎች አግኝቶ ለእማዬ አሳያት። «እነዚህ ቀድሞም የተሰነጠቁ ናቸው፣ ይለወጡልዎት» አላት። በኋላ ማን ሰበረው የሚል ጭቅጭቅ የለም። እኔ እንዲህ ያለ ግልጽ ሠራተኛ ይመቸኛል።

ወንድሜ ጣሪያው ላይ የወረዱትን ጥቁር መስመሮች ጭስ ናቸው ብሎ ነበር የሚያስበው። ሕይወት ያለው ነገር ነው። ግሎዮካፕሳ ማግማ የሚባል ባክቴሪያ ነው፣ ሺንግሉ ውስጥ የተቀላቀለውን የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይመገባል። እዚህ ላይ የግፊት ማሽን ፈጽሞ አይሆንም። የሺንግሉ ፊት ላይ ያሉት ጥቃቅን የድንጋይ ቅንጣቶች ከፀሐይ የሚጠብቁት ናቸው። በግፊት ከረገፉ ተመልሰው አይመጡም፣ የጣሪያውም ዕድሜ ያጥራል።

ቆርቆሮው ላይ የከለከለን በረኪና እዚህ ጥቅም ላይ ዋለ። ተራውን የልብስ በረኪና ከእኩል ውሃ ጋር ቀላቅሎ በዝቅተኛ ግፊት ረጨው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠበቀና በብዙ ውሃ አለቀለቀው። ከዚያ በፊት ግን ከአሸንዳው ወደ ውሃ ማጠራቀሚያው የሚገባውን ቱቦ ነቀለ። ከጣሪያው ሥር ያሉትን አትክልቶች በንጹህ ውሃ አራሰ፣ ሲጨርስም ደግሞ አጠጣቸው። አንድም አበባ አልጠወለገም። ወንድሜ «ትንሽ አሲድ ብንጨምርበት ቶሎ አይለቅም?» ሲለው ፊቱ ተለወጠ። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣዋል። ከአሞኒያ ጋርም መርዝ ነው። ይህን ቤታችሁ ውስጥም ስታጸዱ አደራ።

ስለ ራሱ ደህንነት ያለው ጥንቃቄ ደግሞ ልቤን ነካው። ጠዋት ጤዛው ሳይደርቅ አይወጣም። መሰላሉ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ከተደገፈ እግሩን ከግድግዳው 1 ሜትር ያርቀዋል፣ አናቱ ደግሞ ከጣሪያው ጠርዝ 1 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ላይኛውን ጫፍ በገመድ ያስረዋል። ራሱም የደህንነት ቀበቶ አድርጎ ጠንካራ ነገር ላይ ይታሰራል። ረዳቱ ከታች አይጠፋም። ወንድሜ ቤት ሥራው ተጋምሶ ሳለ ነፋስ ተነሳ። ወዲያው ወርዶ ዕቃውን ሰብስቦ «ነገ» አለን። ዘገየ የሚል ሊኖር ይችላል፣ እኔም በመጀመሪያው ቀን ብያለሁ። ከቤተሰቡ ከጣሪያ ወድቆ የቀረ ሰው ያለው ግን ይህን መዘግየት ይወደዋል።

አሁን ወደ አራተኛው ልምጣ። ከእማዬ ቤት ጀርባ አሮጌ መጋዘን አለ። ክዳኑ ግራጫ፣ ሞገድ ያለው የሲሚንቶ ሉህ ነው። «እግረ መንገድህን ይሄንንም» አልነው። መሬት ላይ ቆሞ ብዙ አየው። «ይሄ አስቤስቶስ የሚባለው ክር መሰል ማዕድን ሊኖርበት ይችላል። በዓይን አይለይም፣ ናሙናው ላቦራቶሪ ገብቶ ነው የሚታወቀው» አለን። ገንዘብ እንጨምር ብንል አልሰማንም። እንዲህ ያለ ክዳን ሲፈገፈግ ወይም በግፊት ሲታጠብ በዓይን የማይታዩ የአስቤስቶስ ክሮች ይበተናሉ። ወደ ሳንባ ከገቡ ከብዙ ዓመታት በኋላ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ። ያረጀ ሉህ ደግሞ ተሰባሪ ነው፣ የቆመበትን ሰው ይዞ ይወርዳል። እስኪመረመር እንዳንቦረቡረው፣ እንዳንሰብረው፣ ልጆች ሥሩ እንዳይጫወቱ አስጠንቅቆን ሄደ።

እማዬ ልብስ የምታሰጣው እዚያ መጋዘን ሥር ነው። የልጆቼም መደበቂያ እሱ ነው። ያን ቀን «እሺ» ብሎ ብሩሹን ቢያነሳ ኖሮ ሁላችንም ግቢው ውስጥ ቆመን እናየው ነበር። ወንድሜ ናሙናውን የሚያስመረምርልን ሰው አግኝቷል፣ መጋዘኑም ተዘግቷል።

አንተ የጣሪያ ባለሙያ፣ እጅህ ይባረክ። ለረዳትህም ምስጋናችን ይድረሰው።

ሳላስፈቅደው ስሙንና ስልኩን እዚህ ማስፈር አልፈለግሁም። የምትፈልጉት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ከመደወላችሁ በፊት ጣሪያችሁ ምን እንደሆነና ስንት ዓመት እንደሞላው አጣሩ፤ መጠየቁ አይቀርም።