የትራንስፎርመርስ ጌም «በአካውንት» ከሚሸጡ ሱቆች ተጠንቀቁ

የትራንስፎርመርስ (ቅርጻቸውን የሚቀይሩት ሮቦቶች) ጌም ለፒኤስ ፎር፣ ለሶኒው ጌም ማሽን፣ በአካውንት እንዳትገዙ። በአካውንት ማለት ጌሙ ያለበትን የሌላ ሰው አካውንት ማሽናችሁ ላይ ያስገቡላችኋል ማለት ነው። በተለይ «ፎል ኦፍ ሳይበርትሮን»ን። ይህን የምጽፈው ከሱቁ እንደወጣሁ ነው። ንዴቴ ገና አልበረደም።

ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ሕንፃ ስር ያለች ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩ ጆይስቲኮች፣ ቲቪው ላይ ሁልጊዜ ፊፋ። የማይኖራቸው ጌም የለም። ዲስክ ስትጠይቁ «ዲስክ አሁን ማን ይጠቀማል? በአካውንት እንጭንልዎታለን» ይሏችኋል። ዋስትናው ዕድሜ ልክ ነው። ደረሰኝ ካልፈለጋችሁ ደግሞ ቅናሽ አለ።

4,500 ብር ከፈልኩ። ለአሮጌ ጌም ውድ ነው። ግን ሻጩ «ይሄ ጌም ከስቶር ወጥቷል፣ የትም አያገኙትም» ሲለኝ እውነቱን ነበር። የሚያናድደውም ይሄ ነው፤ ያጠመደኝ በእውነት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመጫወቻ አምራቹ የሃዝብሮ መጫወቻ የሆኑት ሮቦቶች ከ1984 ጀምሮ አሉ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)፣ ጌሞቻቸውም ብዙ ናቸው። ምርጦቹ ግን ጌም አሳታሚው አክቲቪዥን ፈቃዱን ይዞ በነበረበት ጊዜ የወጡት ናቸው። ሃይ ሙን ስቱዲዮስ በ2010 «ዋር ፎር ሳይበርትሮን»ን፣ በ2012 «ፎል ኦፍ ሳይበርትሮን»ን ሠራ። ፕላቲነም ጌምስ በ2015 «ዲቫስቴሽን»ን ጨመረ። ፈቃዱ ሲያበቃ፣ በ2017 መጨረሻ አካባቢ፣ ሁሉም ከኦንላይን ሽያጭ ተነሡ። ቀድሞ የገዛ ሰው ብቻ ከራሱ አካውንት መልሶ ማውረድ ይችላል። ስለዚህ ጌሙ ያለበት አሮጌ አካውንት ዛሬ ትልቅ ዋጋ አለው። እነዚህ ሰዎች ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ጌሙን የገዛሁት ለልጄ ነው። ለእኔም ነው። የጥሩዎቹ ሮቦቶች መሪ ኦፕቲመስ ፕራይም ግዙፉን ሮቦት ሜትሮፕሌክስን ተኩስ ሲያዘው፣ ሌላው ጀግና ግሪምሎክ ከጠላቱ ከሾክዌቭ እስር ሰንሰለቱን በጥሶ ሲወጣና ንዴቱ ሲሞላ ወደ ዳይኖሰር ሲቀየር፣ ልጄ ሶፋው ላይ ቆሞ ነበር የሚጮኸው። መጨረሻው ላይ ኦፕቲመስና የጠላቶቹ መሪ ሜጋትሮን ሲፋለሙ ተጫዋቹ ራሱ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። ልጄ እዚያ ሳይደርስ የማንን ወገን እንደሚይዝ ወስኖ ነበር። አልደረሰም። አንድ ማታ ማሽኑን ሲከፍት ጌሙ ላይ የቁልፍ ምልክት ወጥቷል። ሴቭ ያደረገው እንዳለ አለ፤ ጌሙ ግን አይከፈትም።

በማግስቱ ሱቁ ሄድኩ። ሁለት ልጆች ነበሩ። አንደኛው ስልኩን እየነካካ ቀና እንኳ ሳይል «ኔት አገናኝተው ነው» አለኝ። ኔት እንዳላገናኝ ማንም አልነገረኝም። «ታዲያ ምን ላድርግ?» ስለው «ይጠብቁ» ብሎ ፊቱን አዞረ።

ጠበቅኩ። ሌላኛው ልጅ ከአንድ ወጣት ደንበኛ ጋር ነበር። ወጣቱ ፒኤስ ፎሩን በቦርሳ ይዞ መጥቷል። ሻጩ ማሽኑን ከቲቪው ጋር አገናኘና አካውንት ማስገባት ጀመረ። ስሙን ፊደል በፊደል ሲጽፍ ቲቪው ላይ አነበብኩት። እኔ ቤት ያለው አካውንት ነው። ያው ስም፣ ያው ፎቶ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገባና «ፕራይመሪ» አድርጎ አነቃው። «ፎል ኦፍ ሳይበርትሮን» መውረድ ጀመረ። እኔ ከጀርባው ቆሜያለሁ።

አካሄዱን ለማታውቁ፦ አንድ አካውንት ፕራይመሪ የሚሆነው በአንድ ፒኤስ ፎር ላይ ብቻ ነው። እዚያ ማሽን ላይ ማንም ሰው በራሱ ስም ገብቶ መጫወት ይችላል። የይለፍ ቃሉ በእጁ ያለ ሰው ግን የትም ሆኖ በኢንተርኔት ማሽናችሁን ከአካውንቱ መሰረዝ ይችላል። በስድስት ወር አንዴ ይፈቀድለታል። ለእነሱ አንዴም ይበቃቸዋል። የእኔን ሰርዘው ለዚህ ወጣት አዘጋጁት ማለት ነው።

«ይሄ እኮ እኔ የገዛሁት ነው» አልኩት። ዓይኑን በጨው አጥቦ «አይ፣ እሱ ሌላ ነው» አለ። የአካውንቱን ስም በስልኬ ያነሳሁትን አሳየሁት። ሁለቱ ተያዩና ሳቁ። ስልኩን ሲነካካ የነበረው ከላይ እስከ ታች ገላመጠኝና «ፋዘር፣ ለልጅ መጫወቻ ነው እንዲህ የሚጨቃጨቁት?» አለ። ዕድሜ ልክ ያሉኝን ሳነሳበት «ዕድሜ ልክ ማለት እስከሠራ ድረስ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ሰው ፊት። ገንዘቤን ስጠይቅ ደረሰኝ አምጡ አለኝ። ያለ ደረሰኝ ይቀንስልዎታል ብሎ ያግባባኝ እሱ ራሱ ነው!

ወጣቱን «ወንድሜ፣ እንዳትገዛ፣ ነገ ያንተንም ይቆልፉታል» አልኩት። ሻጩ አፌን አስያዘኝ፦ «እሳቸው ራሳቸው ያበላሹት ነው፣ አትስማቸው።» ልጁ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን አየ። ከዚያ በቴሌብር ከፈለ።

ፊፋ ቢቆለፍባችሁ ከሌላ ቦታ ትገዛላችሁ። ይሄን ግን በብርም አታገኙትም። ለዚህ ነው በጣም የከፋኝ። አንድ ልጅ የጀመረውን ታሪክ ከመሃል ቆርጠው ለሌላ ሸጡት፣ ያንንም ልጅ ነገ እንደዚሁ ያደርጉታል።

ሶኒ ራሱ አካውንት መሸጥን ይከለክላል፣ ስለዚህ ለኩባንያው አቤት ብትሉ የሚሰማችሁ የለም። ትራንስፎርመርስ ከፈለጋችሁ ዲስክ ፈልጉ። «ዲቫስቴሽን» ለፒኤስ ፎር በዲስክ ወጥቷል፤ ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ አስፈልጉ። የፒኤስ ስሪ ዲስክ ፒኤስ ፎር ላይ እንደማይሠራም እወቁ፣ እሱንም ደባልቀው ይሸጣሉ።

እኔ የቴሌብር መልእክቱንና የአካውንቱን ፎቶ ይዤ ወደ ክፍለ ከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። እንደኔ የተበላችሁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ያ ባለ ቦርሳው ወጣት ይህን ካነበብክ፣ አንተም ጻፍልኝ። የከፈልክበትን መልእክት እንዳታጠፋው።