ያለችው ራም ላይ መጨመር ወይስ ጥንድ መግዛት?

«ዴስክቶፔ ላይ ባለ 8 ጊጋ ራም (የኮምፒውተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ) አለች፤ ሌላ ብራንድ ብጨምርባት ችግር አለው ወይስ እሷን አውጥቼ ጥንድ፣ ማለትም አብረው የሚሸጡ ሁለት ተመሳሳይ ራሞች ልግዛ?» ጓደኞቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው። ለቢሮና ለቤት ሥራ ከሆነ ጨምሩባት። ሻጩ «የግድ ጥንድ መሆን አለበት» ቢላችሁም አትደንግጡ።

ነገሩ የዋጋ ነው። ጥንድ ስትገዙ የሁለት ትከፍላላችሁ፤ የወጣችውን ደግሞ ያው ሻጭ በግማሽ ዋጋ እንኳ አይወስድላችሁም። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የኮምፒውተር ዕቃ መወደዱን ሁላችንም እናውቃለን። በዚያ ላይ ከ2025 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ የኤአይ ዳታ ሴንተሮች ምርቱን ስለተሻሙት የራም ዋጋ በዓለም ገበያም ንሯል። በዚህ ጊዜ ደህና የምትሠራ ራም አውጥቶ ማስቀመጥ ብር ማባከን ነው።

ፍጥነታቸው ከተለያየ ሁለቱም በቀርፋፋዋ ፍጥነት ይሠራሉ፤ 2666 እና 3200 አብረው ሲገቡ ሁለቱም በ2666 ይሄዳሉ። እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 3060 ያለ ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ላይ ደግሞ ፕሮሰሰሩ ራሱ ከ2666 አያልፍም። ስለዚህ ለ3200 አንድ ብር አትጨምሩ፤ በእኩል ዋጋ ካገኛችሁ ግን ውሰዱ። ከብራንዱ ይልቅ መጠኑ እኩል ይሁን፤ 8 ላይ 8 ስትጨምሩ ፕሮሰሰሩ ሁለቱን ጎን ለጎን ያነባቸዋል፣ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ የሌለው ማሽን በደንብ ይፈጥናል። 8 ላይ 4 መጨመርም ይሠራል፣ ጥቅሙ ግን ያንሳል።

ገንዘብ የሚበላው ሌላ ቦታ ነው። የሚያብረቀርቅ ሽፋን ካለው ስም የለሽ «አዲስ» ራም ይልቅ ከቢሮ ማሽን የተነቀለ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ ወይም ማይክሮን እመርጣለሁ፤ ዋጋውም ይቀንሳል። የሥራ ባልደረባዬ 3200 የሚል ስቲከር ያለባት ገዝቶ ሲፒዩ-ዚ በሚባለው የዕቃውን መረጃ የሚያሳይ ፕሮግራም ላይ ስናያት 2133 ሆና ተገኘች፤ ከሰዓታት ሥራ በኋላም ሰማያዊ ስክሪን ታመጣ ነበር። ሻጩ «ስቲከሩ ተነክቷል» ብሎ አልቀየረለትም።

በዲዲአር4 (አራተኛው የራም ትውልድ) ስቲከር ላይ ከፍጥነቱ ቁጥር ቀጥሎ ከሰረዙ በኋላ የምትመጣዋን የእንግሊዝኛ ፊደል እዩ። «ዩ» ከሆነች ለተራ ዴስክቶፕ ናት። «አር» የሰርቨር ናት፤ ርካሽ ስለሆነች ታጓጓለች፣ ዴስክቶፓችሁን ግን አታስነሳም። «ኤስ» የላፕቶፕ ናት፣ መጠኗም አጭር ስለሆነ ስሎቱ (መሰኪያው) ውስጥ አትገባም። ማሽናችሁ የሚወስደው የቀደመውን ትውልድ ዲዲአር3 ከሆነ ደግሞ በጣም የረከሰች ባለ 8 ስታዩ ጠርጥሩ፤ ኤኤምዲ ማዘርቦርድ ላይ ብቻ የሚሠሩ አሉ፣ ኢንቴል ላይ አይነሱም። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4ን መቀላቀል አይታሰብም፤ ጥርሱ እንኳ አይገጥምም።

ኬዙን ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ይሰካላችሁ፤ ባዮስ (ማሽኑ ሲነሳ የሚከፈተው የቅንብር ገጽ) ላይ 16 መባሉን እዩ። ከመክፈላችሁ በፊት የመመለሻውን ቀን ተስማሙ፣ ማታ ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም ሜምቴስት86 አስነስታችሁ አሳድሩት። ስክሪኑ ጨለማ ከሆነ ወደ ሱቅ ከመሮጣችሁ በፊት ማሽኑን ከመብራት ነቅላችሁ ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ጠርጉት።

ጥንድ ግዙ የምለው አዲሱን ትውልድ ዲዲአር5 ላለው ወይም ራሙን በኤክስኤምፒ (ባዮስ ላይ ባለው የራም ማፍጠኛ ቅንብር) አፍጥኖ ጌም ለሚጫወት ሰው ነው። እዚያ የተቀላቀለ ራም ባለው ፍጥነት ላይ አልረጋ ብሎ ያስቸግራል፤ ለጥንዱ የሚከፈለውም ዋጋ ያዋጣል።